የጠፋው የሙሽሪት ልክ

እትዬ ሜትርን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ ቢኖር ልብስ የማይለብስ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስሙን ያወጣላት ከአንገቷ የማይወርደው ቢጫ ሜትር ነው። ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ «ይቺ ሴት ሜትሩን ለመኝታ እንኳ የምታወልቀው በልመና ነው» እያለ ያማታል። ሐሜቱ ውሸት የለበትም።

ልክ መጻፍ አይሆንላትም። በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው ጠመኔ፣ በከንፈሮቿ መሃል እስፒል ይዛ በየትኛው እጇ ትጻፍ? ስለዚህ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና «ትከሻ ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል» እያለች በእስፒሎቿ መሃል ታጉተመትማለች፤ ስልኩ ድምጿን ይቀዳል። ሌላ ሰው ቢሰማው የንብ ቀፎ ይመስለዋል፤ ለእሷ ግን ከዚያ የጠራ ነገር የለም። ልብስ ሰፊ ሁሉ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» እየተባለ ነው የሚያድገው። እሷ ግን «እኔ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ለክቼ አላውቅም» ትላለች፤ ሰሚ ባታገኝ ለስፌት መኪናዋም ትናገራለች።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ በቃኝ አለ። የአንድ ወፍራም ነጋዴ ደረት እየለካች ሳለ «በቂ ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ አነበበና «እኔን ነው?» ብሎ ተቀየመ።

ሌላ ከተማ ቢሮ የምትሠራው ልጇ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ልካላት ነበር፤ ጥግ ላይ አቧራ እንዳይነካው ተሸፋፍኖ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። ደውላ ብትጠይቃት ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ ቀላል እኮ ነው። ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኚው፣ ድምፆቹን ወደዚያ አሻግሪያቸው፣ መሻገራቸውን ካረጋገጥሽ በኋላ ከስልኩ አጥፊያቸው።»

እትዬ ሜትር ገመድ ፈለገች፤ ያገኘችው የባሏን የጢም መላጫ ማሽን ቻርጅ ማድረጊያ ነበር። አንዱን ጫፍ ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። ስልኩ ድምፅ አሰማ፤ መብረቅ የምትመስል ምልክት ብቅ አለች፤ አጠገቧም ሠላሳ ከመቶ የሚል ቁጥር። «ይኸው መሻገር ጀመረ!» አለች። ወንበር ስባ እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ትጠብቀው ጀመር። ቁጥሩ ሲጨምር ደስታዋም ይጨምራል። መቶ ሲሞላ እልል አለችና ከስልኩ ላይ አንድ ሳታስቀር ጠራርጋ አጠፋች።

ቁጥሩ የባትሪው ነበር። ያ ገመድ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ምንም አያሻግርም፤ ግን ማን ነግሯት?

በማግስቱ ጎረቤቷ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ነጭ ሳቲን ታቅፋ መጣች። ልጇ ልትዳር ነው። ሙሽሪት በሥራ ምክንያት ርቃ ስለምትኖር ልኳን የሰጠችው ከወራት በፊት ለእረፍት በመጣች ጊዜ ነበር።

«እትዬ፣ አደራሽን። ጨርቁ ለአንድ ቀሚስ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሌላ ብፈልግ ገበያውን አስሼ አጣሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ልኳ እጄ ላይ አይደል?»

ሴትዮዋ እንደወጣች እትዬ ሜትር ኮምፒውተሩን ከፈተች። ባዶ። ዘግታ ከፈተችው። አሁንም ባዶ። ልጇ ጋ ደወለች።

«የቱን ገመድ ነው የሰካሽው?»

«የአባትሽን መላጫ።»

«እሺ፣ አትደንግጪ። የጠፋ ነገር እዚያው ስልኩ ላይ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይቆያል።»

«እሱንማ ያኔውኑ ደፋሁት!»

«እማዬ! ለምን?»

«ሰው ቆሻሻ ቤቱ ውስጥ ያሳድራል እንዴ?»

ባለቤቷ ሳቁን መያዝ አልቻለም። «መኪና ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ተሳፋሪ መውረዱን ማየት ነበር» አላት። ጠመኔውን ወረወረችበት፤ ሳተችው።

ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፍርሃት ያዛት። ሌላው ደንበኛ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይለካል። የሙሽሪትን ቀሚስ ካበላሸችው ግን ሌላ ጨርቅ የለም፤ ሠርጉም እየደረሰ ነው። ልክ ጠፋብኝ ብትል ደግሞ የዳቦ ቤቷ ሴት የሰማችው ወሬ ዳቦው ሳይበርድ ሰፈሩን ያዳርሳል። የሙሽሪትን ፎቶግራፍ አውጥታ በዓይኗ ገመተች። ሳቲኑን ዘርግታ በጠመኔ አሰመረች፣ አራገፈች፣ እንደገና አሰመረች። መቀሱን አነሳች፤ እጇ እምቢ አለ። የፈራችው ለልጅቷ ቀሚስ ሳይሆን ለገዛ ስሟ መሆኑ ሲገባት አፈረች። መቀሱን አስቀምጣ ለሙሽሪት ደወለች።

«የኔ እናት፣ ልክሽ ጠፋብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መጥተሽ እንደገና ካልለካሁሽ ጨርቁን አልነካም።»

ቁጣ ስትጠብቅ የሰማችው ረጅም የእፎይታ ትንፋሽ ነበር። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እትዬ። ለእማዬ ግን እባክዎ አይንገሯት።»

ቅዳሜ መጣች። በሩን ራሷ ዘጋችና እንባዋ መጣ።

«አርግዣለሁ፣ እትዬ። እጮኛዬ ያውቃል፤ በደስታ ሊያብድ ነው። ለእማዬ ከሠርጉ በኋላ አብረን ልንነግራት አስበናል። በድሮው ልክ ተሰፍቶ አልገባ ሲለኝ ምን እላለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ልደውልልዎ ስልክ አነሳና አፍሬ አስቀምጠዋለሁ።»

እትዬ ሜትር እስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ አገላብጣ ሳመቻት። ያ ድምፅ ባይጠፋ ኖሮ ሳቲኑ ይሄኔ በአሮጌው ወገብ ተቆርጦ ነበር። «ወገቡን ከፍ አድርጌ ከደረትሽ ሥር እሰፋዋለሁ፤ ውስጡን ደግሞ ትርፍ እተውለታለሁ። እስከ ሠርጉ ብትፋፊ እለቅልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ብዪ!» አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች ሳቀች።

ሜትሩን በቀስታ በልጅቷ ወገብ ላይ ጠቀለለች። እጇ እንደ ልማዱ ስልኩን ሊከፍት ሄደ፤ ሙሽሪት በስጋት አየቻት። እትዬ ሜትር እጇን መለሰች። ስልኩን በፊቱ ደፋችው፣ ቁጥሩን በልጅቷ ጆሮ አንሾካሾከችና፣ «ይህቺን እኔና አንቺ ብቻ እንያዛት» አለቻት።