የዋጥኳቸው ዘሮች

ያን ዕለት ዘሮቹን የዋጥኳቸው እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ወይስ በእትዬ እልህ ይዞኝ? ስንት ጊዜ መልሱን ጽፌ ሰርዣለሁ። ሁለቱም ነው ማለት ይቀላል፤ እኔ ደግሞ የቀለለ መልስ አላምንም።

እሁድ ነበር፣ የገና ጾም። ቆርቤ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ከእትዬ ጋር ወደ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንሄዳለን። እትዬ ሮም ስገባ ሥራ ያገኙልኝ ሴት ናቸው። ሳምንቱን የማድረው ከማስታምማቸው ሲኞራ ዘንድ ነው፤ ለዕረፍቴ፣ ለሐሙስና ለእሁድ፣ ፖንቴ ማሞሎ ካለው ቤታቸው አልጋ የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ከንስሐ አባት ጋር ያገናኙኝም፣ ለቁርባን ያበቁኝም እሳቸው።

የዚያን ሰሞን ግን ተቀያይመናል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት በአርባ ሁለት ዓመቴ፣ በጣልያንኛ፣ ሐሙስ ከሰዓት ጀምሬ ነበር። “ሐሙስ የማኅበራችን ቀን ነው” አሉኝ መጀመሪያ። ከዚያ “በዚህ ዕድሜሽ ምን ልትሆኚ?” መጣ። በዚያ እሁድ ንጋት ደግሞ ገና ከቤት ሳንወጣ፣ “አሎራ፣ እንግዲህ ከገና በኋላ ወይ ትምህርቱ ወይ አልጋዬ” ብለው ጨረሱት። ሊቆርብ የሚሄድ ሰው አይጨቃጨቅም።

ፒያሳ ቪቶሪዮ ስንደርስ ከአንድ ሱቅ በር ላይ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። አብራኝ የምትማር ቻይናዊት ናት፤ እኔ አጠገብ ተቀምጣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ግሥ የምታጠና። እሁድ እሁድ ታንግሁሉ የሚባል ጣፋጭ እንደምትሸጥ ነግራኝ ነበር። ትናንሽ ፖም የሚመስሉ ስድስት ቀያይ ፍሬዎች በቀጭን እንጨት ተሰክተው፣ በቀለጠ ስኳር ተለብጠው ያብለጨልጫሉ። አንዱን እንጨት ዘረጋችልኝ።

“እንቁላል አለበት?” አልኳት።

“የለም።”

“ወተት? ቅቤ?”

“ስኳር፣ ውሃ፣ ፍሬ” ብላ በጣቷ ቆጠረችልኝ።

ሁሉን ጠየቅኩ ብዬ ረካሁ። ፍሬው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አልጠየቅኩም።

ስኳሩ እንደ ስስ በረዶ ተሰበረ፤ ፍሬው ኮመጠጠኝ፣ ደስም አለኝ። ወዲያው ጥርሴ ከጠጠር ጋር ተጋጨ። ዘር ነው፤ አራት፣ አምስት፣ ድንጋይ የመሰለ። የቆረበ ሰው ደግሞ ያን ቀን አይተፋም፤ ምራቁን እንኳ። ዘር ያለው ነገር የማይበላውም ለዚህ ነው።

“አንቺ!” አሉ እትዬ። “ከቁርባኑ በኋላ አፍሽ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይሄ? ነጠላ ለብሰሽ፣ መንገድ ላይ?”

“የጾም ነው እትዬ፣ ጠይቄያለሁ” አልኩ፣ ዘሮቹን ጉንጬ ሥር ይዤ።

“ማንን? እሷን? ትምህርት ቤት ያተረፈልሽ ይኼንን ነው! እንትፍ በይው! አሁኑኑ እንትፍ!”

አየኋቸው። በማኅበሩ ሥርዓት የሚያስጠብቁት፣ እኛን እንደ ልጆቻቸው የሚገሥጹት እትዬ ናቸው።

“ዛሬ መትፋት አይቻልም” አልኩ። “ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።”

እጃቸው አፋቸውን ሊሸፍን ወደ ገዛ ነጠላቸው ሄደ። እኔም ዘሮቹን አንድ በአንድ ዋጥኳቸው። በዚያ ማብቃት እችል ነበር፤ የተረፈውን ብመልስላት ቻይናዊቷ አይከፋትም። አልመለስኩም። ሁለተኛውን ነከስኩ፤ ሦስተኛውን። ቻይናዊቷ ደንግጣ ወደ ቆሻሻ መጣያው ልትጠቁመኝ ስትል በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። ጉሮሮዬ ተልጧል፣ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ እትዬ ፊት ለፊት ቆመው እስከ ስድስተኛው ድረስ አዩኝ።

“ይጣፍጣል?” አሉ በምፀት።

“ይጣፍጣል። ትምህርቱንም አልተውም።”

“እንግዲያው አልጋ ፈልጊ።”

“እፈልጋለሁ።”

ፈለግኩም። ተርሚኒ አጠገብ ከሁለት ሴቶች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተጋራሁ፤ መጽሐፎቼ አልጋዬ ሥር ገቡ። የተርሳ ሜዲያን፣ የጣልያኖቹን የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ አለፍኩ። ከእትዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን እንለያያለን። የዘሩን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም። ኃጢአቱ የቱ ላይ እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ልናዘዝ?

ባለፈው ዓመት በጾም እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ላይ እትዬ አጠገብ ቦታ ደረሰኝ። የወይራ ፍሬ በሳህን እየዞረ መጣ። ቆርበው ነበርና አልነኩትም፤ “ዘር አለው” ብለው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

“ያ የቻይናውም ዘር ነበረው” አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። “የት አደረግሽው?”

“ዋጥኩት።”

“የስድስቱንም?”

ቆጥረዋል። ይኸን ሁሉ ዓመት ቁጥሩን ይዘውታል።

“የስድስቱንም።”

ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እኔ ደግሞ እንትፍ በይ ማለቴን በማግስቱ ተናዘዝኩ” አሉ ዝግ ብለው። “ከዚያ ነይ ተመለሺ ልልሽ አፈርኩ።” ወደ እኔ ጠጋ ብለውም ጠየቁኝ፣ “ለእግዚአብሔር ብለሽ ነው የዋጥሽው ወይስ ለእኔ?”

“አላውቅም፣ እትዬ።”

ከሳህኑ አንድ ወይራ አንስቼ በላሁ። እኔ ያን ቀን አልቆረብኩም፤ ዘሩን እጄ ላይ ተፋሁት።