ሁለቱም ካርድ የሚታይበት ጨዋታ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጄኔቭ ካሲኖ ውስጥ ብላክጃክ የሚባለውን፣ ከሃያ አንድ ሳያልፉ ብዙ ነጥብ ያገኘ የሚበላበትን የካርድ ቁማር ያጫውቱ ነበር። ልጄ ቁማር መጀመሩን ስነግራቸው በባቡር ዙሪክ ድረስ መጡ። በጾም ቀን ካርድ ቤቴ ሲገባ አማተብኩ።

"ጋሼ፣ በዚህኛው ጨዋታ የአጫዋቹ ሁለቱም ካርዶች ይታያሉ። እያየሁ እንዴት ተበልቼ እወጣለሁ?" አለ ልጄ እየሳቀ።

"ተጫወታ፣ ጀግናው!" ብለው አደሉ። ለሁለቱም አሥራ ስምንት ወጣ።

"እኩል ነን።"

"በዚህ ጨዋታ እኩል ከሆነ ካሲኖው ይወስዳል።"

"እንግዲያው አንድ ይጨምሩልኝ።" ሰባት ወጣበትና ከሃያ አንድ አልፎ ተበላ።

"ሁሉን የሚያሳይህን ፍራው፤ ዘዴው ከወንበሩ መነሳት ነው" አሉት።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ማታ ለልጄ እየደወሉ "የት ነህ?" ይሉት ነበር። ከድምፁ ጀርባ ካሲኖ ካለ ጆሯቸው ይለየዋል። ከዚያ ለእኔ ደውለው "ሥራ ላይ ነው፣ ተኚ" ይሉኛል። ስለዚያ እንቅልፍ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ከቀብራቸው በኋላ በመጣው አርብ እኔው ደወልኩ። "ክሎተን ኤርፖርት ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነው፣ እማዬ" አለኝ። ከጀርባው የሚንኳኳ ነገር ይሰማል። ሳህን ይሁን የቁማር ጠጠር መለየት አቃተኝ።

ጋሼ፣ ጌታ ነፍስዎን ያሳርፍልኝ። ይህን ድምፅ ግን አሁን ማን ይለይልኝ?