የደረቀው ሰውዬ አሟሟትና የአስጎብኚዋ ጉልበት

በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ በጎኑ የተጋደመ ሰው አለ። ከገደል ሥር፣ ከበረዶና ከድንጋይ መካከል ሲያወጡት ሥጋው በአጥንቱ ላይ ደርቆ፣ ጥርሱ እንኳ ሳይረግፍ ተገኘ። ከሞተ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ዘበኞቹ ግን እንደ ጎረቤት ሰው “ጋሽ ደረቄ” ይሉታል።

እሱን የምታስጎበኘው ሴት ጠጉሯ ሸብቷል። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፤ ጉልበቷ ደግሞ ከከዳት ሰነባብቷል። ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ፣ ስትወጣ “ወይ ልጅነት!” እያለች ነው። አንድ ወንበር እንዲፈቅድላት ኃላፊውን ለምናው ነበር።

“እትዬ፣ እርስዎ እዚያ ከተቀመጡማ ጎብኚው ሁለት ሬሳ አለ ብሎ ይደነግጣል” አላት እየሳቀ። “ይልቅ ሁለቱ ምሁራን የሚመጡበት ቀን ያለ ጠብ ይለፍልኝ፤ ከዚያ ስለ ወንበሩ እናስብበታለን።”

የምሁራኑን ጠብ ያልሰማ አልነበረም። ሽማግሌው ፕሮፌሰር “ሰውዬው ተገድሏል፤ ከኋላው በድንጋይ መትተውታል” ይላሉ። ምስክራቸው የራስ ቅሉ ስንጥቅ ነው። የአጥንት ሐኪሟ ደግሞ “ማንም አልነካውም፤ ከገደል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፣ መነሣት አቅቶት እዚያው ቀረ። ራሱን የሰነጠቀው ከሞተ በኋላ የተጫነው ቋጥኝ ነው” ትላለች። ኃላፊው ማንንም ላለማስቀየም ደንብ አወጣ፦ አስጎብኚ በራስጌ ቆሞ ግድያውን፣ በዳሌው በኩል ዞሮ ውድቀቱን፣ ሁለቱንም እኩል ይናገር።

ደንቡ መልካም ነበር፤ ጉልበት ግን ደንብ አያውቅም። በራስጌ በኩል የብረት መደገፊያ ተተክሏል፤ በዳሌው በኩል ባዶ ወለል ነው። አስጎብኚዋ ብረቱን ደገፍ ስትል ነፍሷ መለስ ትላለች፤ ከብረቱ ላለመለየትም ግድያው ይረዝማል። ገዳዩ ያደባል፤ ድንጋይ ያማርጣል፤ ሟቹ ምንም ሳይጠረጥር ውኃ ሊጠጣ ያጎነብሳል። የመዞሪያው ጊዜ ሲደርስ “ወድቆ ነው የሚሉም አሉ” ብላ እዚያው እንደቆመች በእጇ ታመለክታለች። እንዲህ እንዲህ ሲል ከተማው ሁሉ ሰውዬው መገደሉን አመነ።

ምሁራኑ ተማሪዎቻቸውን አስከትለው የመጡ ዕለት ልትጠነቀቅ ለራሷ ምላ ነበር። አፏ ግን የለመደውን መንገድ ሄደ። ገዳዩ ድንጋይ በማማረጥ ላይ ሳለ ሐኪሟ አቋረጠቻት።

“እናቴ፣ እርስዎም የፕሮፌሰሩ ወገን ነዎት እንዴ?”

“ኧረ ወገንስ የለኝም፣ ልጄ።”

“ታዲያ የእሳቸው እንደ ተረት ሲንቆረቆር፣ የእኔ እንዴት በአንድ ቃል ያልቃል?”

ኃላፊው ከኋላ ዓይኑን አፈጠጠባት። አሁንስ ወንበሩ ቀረ አለች በልቧ። ሰበብ መፍጠር ትችል ነበር፤ ግን ውሸትም አቅም ያስፈልገዋል፤ እሷ ደግሞ ደክሟታል።

“ጉልበቴ ነው” አለች። “እዚህ ጋ የምደገፈው ብረት አለ፣ እዚያ ጋ የለም። ብረቱ በዳሌው በኩል ቢተከል ኖሮ፣ ይኼኔ ወድቆ ነበር የሞተው።”

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሐኪሟም ሳቋን መያዝ አቃታት። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቁም።

“እኔ እኮ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ሰው ሁሉ የሚያምነኝ መጽሐፌን አንብቦ ይመስለኝ ነበር።”

“ያነበበም አይጠፋም፣ ጋሼ” አለች አዝናላቸው።

“ለእኚህ ሴት ወንበር ይምጣላቸው!” አለች ሐኪሟ ወደ ኃላፊው ዞራ።

“ይምጣ” አሉ ፕሮፌሰሩ፤ “ግን በዳሌው በኩል እንዳይሆን፤ ያንቺን ተንኮል አውቃለሁ።”

“በራስጌማ አይታሰብም!”

ሁለቱ ስለ ወንበሩ ቦታ ሲነታረኩ ኃላፊው ስለ ሬሳ የቀለደውን ረስቶ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ መጣ። በመጨረሻ በግርጌ በኩል ተስማሙ።

በማግስቱ አስጎብኚዋ ከሁለቱ የደረቁ እግሮች ፊት ተቀምጣ ጎብኚዎቹን ተቀበለች። ግድያውንም ውድቀቱንም እኩል ነገረቻቸው። ሁለቱም አጭር ነበሩ።

“በቃ?” አለ አንዱ ጎብኚ ቅር ብሎት።

“በቃ” አለችና እግሯን ዘረጋች።