በነጠላ ጫፍ የተሸፈነ ሳቅ

አክስቴ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ ነበር። ጥርሳቸውን ያበለዘው በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው። እኔም ለዶክትሬቴ ያጠናሁት ይህንኑ ውሃ ነው፤ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ የስንቱን ሰው ጥርስ ፎቶ አንስቻለሁ። አንድ ቀን አዳማ ቤታቸው ካሜራዬን ሳወጣ ግን፣ «የእኔን ተዪው ልጄ፤ ስትመረቂ ሳልሸፍን እስቅልሻለሁ» አሉኝ።

ልመረቅ ሦስት ወር ሲቀረኝ አረፉ። ለቀብሩ የሚሆን ፎቶ ፍለጋ አልበሙን ሁሉ አገላበጥን፤ በየሰርጉ፣ በየልደቱ ነጠላው አፋቸው ላይ ነው። የተገኘው የመታወቂያቸው ብቻ ነበር፤ እሱም የተቆጡ ያስመስላቸዋል። እሳቸው እኮ ተቆጥተው አያውቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ተመረቅኩ። ፎቶ አንሺው «ዶክተር፣ ሳቅ በይ እንጂ!» ሲለኝ የጋዋኔን ጫፍ አንስቼ አፌን ሸፈንኩ።