እንደሌለሁ ቁጠሪኝ

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወደ መዝገብ ቤቱ ሥራዬ ስመለስ፣ አማቴ ከጎጆ ከተማ አንድ ጆንያ ድንች አስጭነው አምቦ መጡና ልጄን ተረከቡ። እግዜር ይስጣቸው። ግን ማታ ከቢሮ ገብቼ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ፣ ልጄ ፊቷን አዙራ አንገታቸው ሥር ትወሸቃለች። እሳቸው ይስቃሉ። በቃ፣ ልጄ ረሳችኝ ብዬ ደመደምኩ።

ለጥናት የምትቀርፀው ልጅ የመጣችብን በዚህ መሀል ነው። እናቶች ከሕፃናቶቻቸው ጋር እንዴት እንደሚግባቡ የሚያጠኑ ሰዎች ቀጥረዋት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት እየዞረች እናትና ልጅ ሲጫወቱ በስልክ ትቀርፃለች፤ ከዚያ የቀረፀችውን እያሳየች ትመክራለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። አማቴ ገና ሲያዩዋት "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይቀንሱ።

"እህቴ፣ እንደሌለሁ ቁጠሪኝ" ትለኛለች።

እንዴት ነው የምቆጥራት? ሰው ቤቴ ገብቶ ደረቅ አፉን ተቀምጦ፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ከልጅ ጋር ልንከባለል? ተነስቼ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀርባለሁ። ሳልቀመጥ ውሃ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቆሎ። በቃኝ ስትል እየተግደረደረች ነው ብዬ እጨምርላታለሁ። ቀረፃ አለ ሲባል ጎረቤቴም አዲስ ሻሿን አስራ ከተፍ ትላለች፤ ለሷም ይቀርባል። አማቴ ደግሞ ከጥግ ሆነው አያያዜን ያርማሉ። አንዲት ሕፃን ለመውደድ ይህን ያህል አሰልጣኝ ምን ያደርግልኛል?

አንድ ቅዳሜ ያቺው ልጅ የኔኑ ድንች እየላጠች "ከልጅሽ ጋር እኮ ብዙም አትታዪም" አለችኝ። ደሜ ፈላ።

"ማንን ሳስተናግድ መሰለሽ? ከዛሬ ወዲያ አትምጪብኝ።"

አልተቆጣችም። "እሺ፣ ግን ይህን አይተሽው ልሂድ" ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

እውነቷን ነው፣ የለሁም። ምንጣፉ አለ፣ የጎረቤቴ ጉልበት አለ፣ መሀል ላይ ልጄ የጀሪካን ክዳን ይዛ ተቀምጣለች። የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ክዳኑን ጣለችና አንገቷን ወደዚያ አዞረች። አማቴ አጨበጨቡላት፤ አልዞረችም። ድንቹን ይዤ ስገባ እግሬ ብቻ ይታያል። ልጄ ሁለት እጇን ወደ እግሬ ዘረጋች። እኔ ሰሃኑን አስቀምጬ፣ አልፌያት ውሃ ላመጣ ወጣሁ። እሷ እጇን እንደዘረጋች በሩን ታያለች።

"ታዲያ ማታ ማታ ለምን ፊቷን ታዞርብኛለች?" አልኩ።

"አኩርፋ ይሆናላ። የማታውቂውን ሰው ታኮርፊያለሽ?"

እንባዬ እንዳይታይ ውሃ ላመጣ ስነሳ፣ ለካ በትከሻዬ በኩል ሲያዩ የነበሩት አማቴ ቀሚሴን ያዙ።

"ታኢ፣ ልጄ" አሉኝ በኦሮምኛ። " ተቀመጪ። ለእንግዳዋ እኔ አለሁላት።"

ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ጓዳ ገቡ። በሩ ሲጢጥ አለ። ልጄ ቀና ብላ እንኳ አላየችም።