ሰው የሚገባበት ቁም ሳጥን

አባዬን የሥራ ባልደረቦቹ «መሰላል» ነበር የሚሉት። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሳለ አናቱ ጣሪያ እየነካ ኖሯል። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ ተንጠራርታ ደረቱ ላይ ብትደርስ ነው።

ጡረታ እንደወጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አቃተው። ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ መኝታ ቤታቸው ጥግ ያለችው ዕቃ ቤት ላይ አረፈ። ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ሆዱን መሳብ አለበት። ክፍሏ የተሰበረ ወንበርና ባዶ ካርቶን ታጭቆባት፣ የሁለቱ ልብስ ግን ግማሹ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ፣ ግማሹ በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ይቺን የልብስ ክፍል አደርግልሻለሁ» አላት። «ሰው የሚገባበት ቁም ሳጥን!»

«ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?» አለችው፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

«ልብስ ይመርጣላ።»

እሱ ግን ቆርጦ ተነስቷል። ዕቃውን አወጣ፣ ቀለም ቀባ፣ በሦስቱም ግድግዳ ዙሪያ የልብስ መስቀያ ቱቦ ዘረጋ። ልብሱን ሁሉ ሰቅሎ ሲያበቃ ዓይኗን አስጨፍኖ እየመራ አስገባት።

እማዬ ዓይኗን ስትገልጥ ፊቷ ላይ የተደረደረው የቀሚስ ጫፍ ነው። እጇን ሰቀለች፤ ቱቦው አልተነካም። መዞር ፈለገች፤ ሦስት ካፖርት አቀፋት።

«ቆንጆ ነው» ብላ ወጣች።

እማዬን የሚያውቅ እንዲህ ያለችውን «ቆንጆ ነው» ያውቃታል። አባዬ ወደ እኔ ዞረና በሹክሹክታ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ለራስህ ቁመት ነው የሠራኸው፣ አባዬ።»

በማግስቱ ግቢው ሲሚንቶ ላይ የክፍሏን ልክ በጠመኔ አሰመረና እማዬን መሐሉ አቆማት። «እጅሽን ዘርጊ። አሁን ዙሪ። እስኪ ጎንበስ በይ።» መጀመሪያ ጎረቤት እንዳያያት ስታፍር ነበር። ኋላ ግን ሙያዋ ተነሳባትና ጠመኔውን ቀማችው።

«ያንተ ሸሚዝ እዚህ ያልቃል፤ ከሱ በታች ያለው ባዶ አየር ነው» አለች። «ታዲያ ለምን ሌላ ቱቦ አትጨምርም? ያንተ ከላይ፣ የኔ ከታች። ረጃጅሙን ወደ ጥግ እንሰብስበው።»

«መታጠፊያስ? መታጠፊያ የሌለው መንገድ አይሆንም።»

«የፊት ለፊቱን ቱቦ ንቀለው። እዚያ ቀጭን መደርደሪያ ይሁን፣ ለጫማና ለሚታጠፍ ልብስ። በሩም ወደ ውስጥ እየተከፈተ ቦታ ይበላል፤ አንሳው፣ መጋረጃ እሰፋለሁ።»

የተጣሉት በሹፌርነት ኮቶቹ ብቻ ነው። «ጡረታ ወጥተህ የለም እንዴ? ምን ያደርጉልሃል?» ስትለው፣ «የወጣሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ አልወጡም» ብሎ ድርቅ አለ። እሷም ሳቋ መጣና ኮርኒሱ ሥር ያለውን መደርደሪያ ለቀቀችለት። «እንደ ልብህ፤ እኔ እዚያ አልደርስም።»

ሥራው ሲያልቅ፣ ለምን እንዲህ እንደጓጓበት ጠየቀችው። መዶሻውን ሲያገላብጥ ቆየ።

«ስንት ዓመት ሙሉ ሌሊት ለሥራ ስነሳ አንቺን እንዳልቀሰቅስ ኮሪደር ላይ በጨለማ ስለብስ ኖርኩ» አላት። «አንድ ቀን እንኳ መብራት አብርተን አብረን ለብሰን አናውቅም እኮ።»

እማዬ አንገትጌው ላይ የተጣበቀውን የእንጨት ፍቅፋቂ በጣቷ አራገፈችለት።

አሁን ልጠይቃቸው ስሄድ ሳሎን ተቀምጬ መጠበቅ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ክርክራቸው ይሰማኛል።

«ይሄ ሸሚዝ ከዚህ ሱሪ ጋር አይሄድም።»

«ማን አለ?»

«ልብስ ሰፊ አለች። አውልቅ!»

ባለፈው ሳምንት እማዬ፣ ለራሷ ሰፍታ ሻንጣ ውስጥ የቀበረችውን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። የት ልትሄድ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሽንኩርት ልገዛ» አለችኝ።