እንዴት አደርሽ የሚለው ስልክ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ የሚጠራት «ነገ ነይ» እያለ ነው። ቀሚስ የሰጣት ሁሉ መልሷን ያውቀዋል፤ «ነገ ነይ፣ አደርሰዋለሁ» ትላለች፣ ነገ ሲሄዱም ያው ነገ ነው። «አንቺ እኮ ሞትንም ነገ ና ብለሽ ትመልሽዋለሽ» እያልን እንስቅባት ነበር።

የሷንና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ባሎቻችን ካለፉ ወዲህ ሁለታችንም ብቻችንን ስለምናድር፣ ጠዋት ስትነሣ በመቀሷ እጀታ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ እኔም በማማሰያዬ እመልሳለሁ። ማናችን እንደጀመርነው እንጃ። ፈጠን ካለ የሚጣደፍ ደንበኛ አለባት፤ ዘገም ካለ ወገቧን ይዟታል።

አንድያ ልጇ ሌላ ከተማ ሆና ስልክ ላይ የሚጫን ነገር ትሠራለች። የእናቷ ነገር እንቅልፍ የሚነሣት ልጅ ናት። አንድ ጊዜ መጥታ በእጇ የሠራችውን ጫነችላት። ጠዋት ጠዋት ስልኩ በልጅቷ በራሷ ድምፅ «እማ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላል። አረንጓዴውን ሲነኩት ደህና ነኝ ነው፤ ቀዩን ሲነኩት አሞኛል፣ ያኔ ልጅቷ ጋ ይጮኻል።

«ካመመሽ ቀዩን ነው እማ፣ እሺ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ስንት ዓመት ክር ስመርጥ የኖርኩ ሴት ቀለም ይጠፋኛል?»

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ኳኳታው እየሳሳ መጣ። አንድ ጠዋትማ ጥፍር የሚጭር መሰለኝ። ገባሁ። ያላለቀ ጨርቅ ደርባ ኩርምት ብላ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ወዲያው ስልኩ ጠየቃት። አረንጓዴውን ነካችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ቀዩን ንኪ እንጂ!»

«ልጄ በማለዳ እንዴት አደርሽ ብላኝ፣ ልሞት ነው ልበላት?»

«እንግዲያው አምጪው፣ እኔ ልንካው።»

«በመቀስ ነው ጣትሽን የምቆርጥልሽ!» አለችና ትራሷ ሥር ከተተችው።

ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላት፣ እንደ ደንበኞቿ ለእኔም «ነገ» አለችኝ።

በማግስቱ ግድግዳው ዝም አለ። ጎረቤት ጠርቼ ተሸክመን ወሰድናት። ከዚያ አልተመለሰችም።

ከቀብር በኋላ ልጅቷ በእናቷ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ስልኩን ታገላብጣለች። ሁሉም አረንጓዴ ነው። የመጨረሻዋም ጠዋት አረንጓዴ ናት።

«እንደ ሰላምታ አድርጌ ነው የጠየቅኋት፣ እትዬ» አለችኝ። «ለሰላምታ ማን አሞኛል ይላል? እኔስ ስትደውልልኝ መቼ ደህና አይደለሁም ብያት አውቃለሁ?»

እኔ የኳኳታውን መድከም ሰምቼ ነበር። መስማቴም አላዳናትም።

ሰሞኑን ለእኔም አንድ ጫነችልኝ። ቀለም የሚባል የለበትም። ጠዋት በዚያው ድምፅ «እትዬ፣ ዛሬ ምን እየሠሩ ነው?» ይላል፤ ያልኩት ሁሉ ይደርሳታል። ትናንት ሲጠይቀኝ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ግድግዳው ሥር ቆሜ ነበር።

ይህንኑ ነገርኳት።